ጎመን ዘር ላይ ምርምር ለምትጀምሩ ልጆች

ልጆቼ፣

የጎመን ዘር ምርምር ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ላቦራቶሪ ውስጥ ሳይሆን አበባው ላይ ነው። መሣሪያው ያወጣላችሁን ቁጥር ከማመናችሁ በፊት የለካችሁት ዘር እናቱና አባቱ የትኞቹ ተክሎች እንደሆኑ ማወቅ አለባችሁ።

ዘሩ ምጣድ የሚታሰስበት፣ ቅጠሉ የሚቀቀለው ይህ ተክል ራሱ ድቅል ነው። በአንድ በኩል 8 ጥንድ ክሮሞሶም ያለው ሰናፍጭ፣ በሌላ በኩል 9 ጥንድ ያለው የጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅለው ባለ 17 ጥንዱ ጎመን ዘር ተገኘ። ጃፓን ውስጥ ይሠራ የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ናጋሃሩ ዩ የነዚህን ዘመዳሞች ትስስር በ1935 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ለእናንተ የሚተርፈው ጣጣ ይህ ነው፦ አንድን ባሕርይ የሚወስን ጂን ብዙ ጊዜ በሁለቱም ወገን ስላለ፣ አንዱን ብታጠፉት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል።

በዘሩ ዘይት ውስጥ ያለውን የስብ አሲድ፣ ኢሩሲክ አሲድን ውሰዱ። ከአገራችን ጎመን ዘር ዘይት 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው እሱ ነው፤ ለምግብ በሚሆነው በካኖላ (የተሻሻለ የፈረንጅ ጎመን ዘር) ዘይት ግን ከ2 በመቶ በታች መሆን አለበት። በሌላ በኩል ለኢንዱስትሪ ዘይት ይኸው አሲድ ተፈላጊ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ሙሉ በሙሉ ከጎመን ዘር በተሠራ ነዳጅ በሯል። ስለዚህ ለማዕድ ነው ወይስ ለፋብሪካ የምትሠሩት? ይህን ሳይወስኑ ማዳቀል የሚጀምሩ አሉ፤ መጨረሻው ለሁለቱም የማይሆን ዘር ነው።

ኢሩሲክ አሲድን የሚወስነው በዘሩ ውስጥ ያለው ሽል እንጂ እናት ተክሏ አይደለችም። ንብ ከጎረቤት ማሳ ብናኝ ካመጣች የዚያው ዓመት ዘይት ይለወጣል፤ በአንድ ፍሬ ውስጥ ያሉ ዘሮችም ሊለያዩ ይችላሉ። የግሉኮሲኖሌት (ሲሰባበር የሚወጋ ሽታ የሚሰጠው ውህድ) መጠንና የዘሩ ልጣጭ ቀለም ግን የእናት ናቸው፤ የማዳቀሉ ውጤት የሚታየው ከአንድ ትውልድ በኋላ ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ካዳቀለው ተክል የሰበሰበውን ዘር ግሉኮሲኖሌት ለክቶ «ማዳቀሉ አልሠራም» ብሎ ይጥላል።

ጎመን ዘር በራሱ ብናኝ ማፍራት ይችላል፤ ሆኖም ከዘሩ ሲሶ ገደማ ከሌላ ተክል በመጣ ብናኝ ሊያፈራ ይችላል። የተጣራ ዘር ስትፈልጉ አበባ ሳይፈነዳ ቅርንጫፉን በወረቀት ከረጢት ሸፍኑ፤ በየሁለት ቀኑም ነቅነቅ አድርጉት። አበባው ረግፎ ፍሬው ሲረዝም ከረጢቱን አውልቁ። ካዘገያችሁት እርጥበት ታምቆ ይሻግታል፣ ክሽክሽም ውስጡ ይራባል።

ለማዳቀል በማግስቱ የሚፈነዳ እምቡጥ ምረጡ። የተከፈቱትንና ገና ጥቃቅን የሆኑትን ቁረጡ፤ በአንድ ዘለላ ላይ አምስት ስድስት እምቡጥ ይበቃል። ብናኝ የሚሰጡት የአበባው ወንዴ አካላት ስድስት ናቸው፣ አራቱ ረጅም ሁለቱ አጭር። የሚረሱት ሁልጊዜ ሁለቱ አጭሮቹ ናቸው፤ እየቆጠራችሁ አውጡ። ወረንጦውን በ70 በመቶ አልኮል ከጠረጋችሁ በኋላ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ አልኮል የነካው የሴቴው ጫፍ ይሞታል። ከዚያ ብናኙን ቀቡ፣ ሸፍኑ፣ መለያውን በእርሳስ ጻፉ፤ የስክሪፕቶ ቀለም ፀሐይ ያጠፋዋል። በየቀኑ ጥቂት እምቡጦችን ደግሞ ወንዴውን አውጥታችሁ ብናኝ ሳትቀቡ ሸፍኑ። እነሱ ዘር ከያዙ የዚያን ቀን ሥራ በሙሉ አትመኑት።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢሩሲክ አልባ ጎመን ዘር የተገኘው ከሌላ የሰናፍጭ ዓይነት ጋር በማዳቀል ነው። የሚወስኑት ጂኖች ሁለት ናቸው፤ ስለዚህ በሁለተኛው ትውልድ ሁለቱም የጠፉበት ዘር ከ16 አንድ ነው። በ95 በመቶ እርግጠኝነት ቢያንስ አንዱን ለማግኘት 47 ዘር መመርመር ያስፈልጋል። ሃያ መርምሮ «የለም» ማለት ምንም አለማለት ነው።

ያን ያህል ዘር ፈጭታችሁ ብትጨርሱት ደግሞ የሚዘራ አይኖራችሁም። ለዚህ ዘሩን በግማሽ መመርመር የሚባል መላ አለ። ዘሩን በእርጥብ ወረቀት ላይ ልጣጩ እስኪሰነጠቅ አቆዩት። ሁለቱ የዘር ቅጠሎች ተጣጥፈው ታገኟቸዋላችሁ፤ የውጪውን በስለት አንሱና የዘይቱን አሲዶች ለይቶ ለሚለካው መሣሪያ፣ ለጋዝ ክሮማቶግራፊ ስጡት፣ ውስጠኛውን ከነሥሩ ትከሉ። ሥሩ ከተነካ ተክሉ አይበቅልም። ከዚህ የከፋው ቁጥር መቀላቀል ነው፤ የመትከያው ሳህንና የመመርመሪያው ቱቦ ቁጥር አንድ ይሁን።

ግሉኮሲኖሌት ስትለኩ ጠላታችሁ ማይሮሲኔዝ ነው። ይህ ኢንዛይም በተክሉ ውስጥ ለብቻው ተለይቶ ስለሚቀመጥ ጉዳት አያደርስም፤ ዘሩ ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ግን ግሉኮሲኖሌቱን ይሰባብረዋል፣ ያ አፍንጫ የሚወጋ ሽታም ይወጣል። ሽታው ከወጣ የምትለኩት ነገር እየጠፋ ነው። 200 ሚሊግራም የተፈጨ ዘር በ75 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ደቂቃ አሙቁ፤ ከዚያ 2 ሚሊሊትር የፈላ 70 በመቶ ሜታኖል ጨምራችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። ሜታኖል መርዝም ተቀጣጣይም ስለሆነ ጭስ መሳቢያው ውስጥ ሥሩ። ቅጠል ከሆነ ከማሳው ላይ ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዙት፤ ሳይቀልጥ ካልደረቀ አይጠቅማችሁም።

በየላቦራቶሪው ያለው መመሪያ የተጻፈው በአብዛኛው ለፈረንጁ ጎመን ዘር፣ ለሬፕሲድ ነው፤ ለማነጻጸሪያ ሲኒግሪን የሚባለውን የግሉኮሲኖሌት ዓይነት በታወቀ መጠን ጨምሩ ይላችኋል። የጎመን ዘር ዋናው ግሉኮሲኖሌት ራሱ ሲኒግሪን ስለሆነ፣ የጨመራችሁትና የተክሉ ተደምረው አንድ ላይ ይነበቡና ስሌቱ ይፈርሳል። በምትኩ ሌላ ዓይነት ግሉኮሲኖሌት፣ ግሉኮትሮፔኦሊን ተጠቀሙ። ከውጭ ታዝዞ እስኪገባ ጊዜ ስለሚወስድ ትእዛዙን ከዘር መዝሪያው ወቅት በፊት አስገቡ።