የምርጊት አምሮት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የ22 ዓመት ታናሽ እህቴ ከዐቢይ ጾም መግቢያ ወዲህ የጓዳውን ግድግዳ ምርጊት በጥፍሯ እየፈቀፈቀች ስትበላ በተደጋጋሚ አግኝቻታለሁ። እርጉዝ አይደለችም፤ እንጀራዋንም ከእኛ ጋር ትበላለች፤ ዳገት ስትወጣ ግን ትንፋሽ ያጥራታል። እናታችን ጸበል እንውሰዳት ትላለች፤ እኔ ደግሞ ለሐኪም ምን ብዬ እንደምናገር አፍሬ ተቀምጫለሁ። በሽታ ነው ወይስ ዐመል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እህትዎ የያዛት ነገር በሕክምና ፒካ ይባላል፤ እንደ አፈር፣ ከሰል፣ አመድና ወረቀት ያሉ ምግብ ያልሆኑ ነገሮችን ቢያንስ ለአንድ ወር ሳያቋርጡ መብላት ማለት ነው። ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ቢከት በዚህ ስም አይጠራም። በአገራችን ነፍሰ ጡር አፈር ሲያሰኛት «አምሮት ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ እርጉዝ ያልሆነችዋ ስትበላ ግን ይደነገጣል። በእኔ እምነት ነፍሰ ጡሯም ብትሆን ሳትመረመር መታለፍ አልነበረባትም።

የትንፋሽ ማጠሩ የደም ማነስን ስለሚያጠራጥር፣ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት የደም ማነስን የሚያሳየው የሄሞግሎቢን፣ በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ብረት የሚለካው የፌሪቲን፣ እንዲሁም ከአፈር ጋር የገባ የአንጀት ትል መኖሩን የሚያሳየው የሰገራ ምርመራ ነው። የወር አበባዋ የሚበዛ ከሆነም ይናገሩ። የብረት እጥረት ያለበት ሰው አፈር ሊያምረው ይችላል፤ የተበላው ሸክላ አፈር ደግሞ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ሊይዘው ስለሚችል እጥረቱ ይብሳል። እጥረቱ ከተረጋገጠ ሐኪሙ የብረት እንክብል ያዝላታል፤ ብዙዎች ደማቸው ገና ሳይሞላ አምሮቱ ይተዋቸዋል፤ ሆኖም አምሮቱ ስለጠፋ ብቻ መድኃኒቱ አይቋረጥም። ቡናና ሻይ ብረቱን ስለሚያስቀሩ ከምግቡና ከእንክብሉ ይራቁ፤ በጾም ወቅት ምስሩና ጎመኑ ላይ ሎሚ መጭመቅ ይጠቅማል።

ደሟ ደህና ሆኖ ከተገኘ ወይም ታክማም ካልተወች፣ ጭንቀትና ልማድ የሚታዩበት ጊዜ ነው፤ ለዚህ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ቁጣ መደበቅን እንጂ መተውን አያስተምርም። ሆዷን አጥብቆ ካመማት፣ ካስመለሳትና ሰገራ ከከለከላት ግን አንጀቷ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። እናትዎ ጸበል ቢወስዷት አልቃወምም፤ ምርመራው ግን ከጸበል እስክትመለስ አይቆይ። ለሐኪሙም «እህቴ ምርጊት ትበላለች» ማለት ይበቃል፤ ካልተነገረው በምርመራ ብቻ ላያውቀው ይችላል።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄን በፋሲካ ሥጋ አንቆት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአጥሚትና ከወተት በቀር አይቀምስም፤ ከስቷል። ምን ላድርግ? (ከማራኪ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ በመጀመሪያ ጉሮሮው ይታይ፤ ክብደቱና ቁመቱም ይለካ። በአካሉ ላይ ችግር ካልተገኘ፣ እንዲህ ያለው ከመወፈር ፍርሃት ሳይሆን ከመታነቅ ወይም ከማስመለስ ፍርሃት፣ አንዳንዴም የምግቡን ሽታና ልስላሴ ከመጥላት የሚመጣ ምግብን የመሸሽ ሕመም ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በዚህ መልኩ በመመሪያው ያሰፈረው በ2013 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ ብዙ ወላጅ «ልጄ መራጭ ነው» እያለ ቢዘገይ አይፈረድበትም።

ሕክምናው ፍርሃቱን በደረጃ ማላመድ ነው፤ ከአጥሚቱ ወደ ወፍራም ገንፎ፣ ከዚያ ወደ ራሰ ፍትፍት፣ ሥጋው መጨረሻ ላይ፣ እርሱም ደቅቆ። እያንዳንዱን እርምጃ ልጁ እሺ ሲል ብቻ ይሻገሩ። ክብደቱ በጣም ከወረደ ግን በአንድ ጊዜ ማጥገብ ራሱ አደጋ ስላለው በሐኪም ክትትል ይመገብ። ዘመድ አዝማድ ሲሰበሰብም ጉርሻ እንዳያስገድዱት አስቀድመው ይንገሯቸው፤ በፍቅር የተዘረጋ እጅ ቢሆንም፣ ልጁ የሚያየው ያነቀውን ቁራጭ ነው።