የአንባቢያን ጥያቄ፦ ልጁ ከኬሞ ወጥቷል፤ መርፌው ለእኛ ለምን?

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ የደም ካንሰር ሕክምናውን ከጨረሰ አምስት ወር ሆነው። ሐኪሙ ቤተሰቡ በሙሉ የፍሉ ክትባት ይውሰድ ብሎናል። እኔ አምና ተወግቼ ሁለት ቀን ስላመመኝ ፈራሁ፤ በሽታውን ለልጄ ባስተላልፍበትስ? የ3 ዓመት እህት አለችው። የ68 ዓመት እናቴም በሴፕቴምበር መጨረሻ ከአዲስ አበባ ትመጣለች።
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ መጀመሪያ ስሙን እንለየው። እኛ ጋ አፍንጫ ያረጠበ ሁሉ ጉንፋን ነው። ፍሉ ግን የራሱ ቫይረስ ያለው፣ ሳንባ ድረስ ወርዶ ሆስፒታል የሚያስተኛ በሽታ ነው። ዝንጅብሉንም ዳማከሴውንም አንነቅፍም፤ ፍሉን ግን አይከላከሉም።

በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሌለው ፍሉ አያሲዝም፣ ወደ ልጅዎም አይተላለፍም። አምና ያመመዎት ሰውነትዎ ለክትባቱ የሰጠው ምላሽ ሳይሆን አይቀርም፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ተከትበው በሳምንቱ የሚታመሙ ሰዎችም አሉ። መከላከያው እስኪገነባ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ሌላ ቫይረስም ሊይዛቸው ይችላል።

ኬሞ (የካንሰር መድኃኒቱ) ሲቆም የመከላከል አቅም በማግስቱ አይመለስም፤ ወራት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ልጅዎ ራሱ በሐኪሙ ምክር መከተብ አለበት፤ ሆኖም ሰውነቱ ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ሊሆን ስለሚችል አጥሩ እናንተ ናችሁ። ከትምህርት ቤት የምታመጣው ጎረቤትና ቅዳሜ የምትጠብቀው አክስትም ከአጥሩ ውስጥ ይቆጠራሉ። ብዙ እናቶች ልጁን አስከትበው የራሳቸውን ቀጠሮ ለነገ ይሉታል፤ ነገ ደግሞ ዲሴምበር ይሆናል።

እህቱ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ ቀደም ሲል ሁለት ዶዝ የፍሉ ክትባት ካልወሰደ፣ ዘንድሮ ሁለት ዶዝ ያስፈልገዋል፤ በመካከላቸው ቢያንስ 4 ሳምንት። የሚረሳው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ክትባቱ እንደገባ የመጀመሪያውን ያስወጓት፤ ከክሊኒኩ ሳይወጡ የሁለተኛውን ቀጠሮ ያስይዙ።

እናትዎ እንደመጡ በዚያው ሳምንት ይከተቡ። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ስለሆነ ለአረጋውያን የሚመረጠውን ከፍተኛ መጠን ያለውን ይጠይቁ፤ ከሌለ ግን የተገኘውን ይውሰዱ፣ በፍለጋ አይዘግዩ። ኢንሹራንስ ስለማይኖራቸው ወደ ፋርማሲው አስቀድመው ደውለው ዋጋውን ይወቁ፤ የካውንቲው ጤና ቢሮ ነጻ ክትባት የሚሰጥበት ቀን ካለም ይጠይቁ።

ለመወጋት ሲሄዱ እጅጌው እስከ ትከሻ የሚጠቀለል ልብስ ይልበሱ። የሸሚዝ አንገት ወደ ታች ተስቦ ሲወጋ መርፌው ከፍ ብሎ መገጣጠሚያው ላይ ሊያርፍና ትከሻን ለወራት ሊያሳምም ይችላል። ትክክለኛው ቦታ ከትከሻ አጥንት ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ያለው ወፍራም ጡንቻ ነው።

ጥያቄ፦ መርፌ ለሚፈሩት በአፍንጫ የሚነፋው አይሻልም?

መልስ፦ እሱ የተዳከመ ግን ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። ለልጅዎ አይሆንም። ዕድሜው ከ2 እስከ 49 ዓመት የሆነ ጤናማና እርጉዝ ያልሆነ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል፤ ነገር ግን መቅኔ ተቀይሮለት በልዩ ጥበቃ ክፍል የተኛ ልጅ ካለ፣ የወሰደው ሰው ለ7 ቀን አይቅረበው። ለእናንተ ቤት መርፌው ይቀላል።

ጥያቄ፦ ተከትበንም ብንታመምስ?

መልስ፦ ይህ ይደርሳል። ፍሉ የያዘው ሰው ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ስለዚህ ምርመራውን ሳትጠብቁ የታመመው ለብቻው ይተኛ፣ ጭምብል ያድርግ። በዚያው ቀን ለልጁ የካንሰር ሐኪም ይደውሉ፤ ታሚፍሉ የተባለው የፍሉ መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ምልክቱ በታየ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ለልጅ አስፒሪን አይስጡ። የልጅዎ ደረት ላይ ፖርቱ (መድኃኒት እንዲገባበት ከቆዳ ሥር የተቀበረው መሣሪያ) ገና ካልወጣ ወይም ጣፊያው የተወገደ ከሆነ፣ ቴርሞሜትሩ 100.4 ፋራናይት (38 ሴልሲየስ) ሲያሳይ ሌሊትም ቢሆን ይደውሉ እንጂ ማስታገሻ ሰጥተው እስኪነጋ አይጠብቁ።