ባዝራዋ ብቻ አትወቀስ፤ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ባዝራዬ በ9ኛ ወሯ ጨነገፈች። አልታመመችም ነበር። ጎረቤቶቼ «ዓይን ነው» ይላሉ።

መልስ፦ ከዓይን በፊት የፈረስ ሄርፐስ ቫይረስ ዓይነት 1 ይጠርጠር። በትንፋሽና በንፍጥ ይተላለፋል፤ እናቲቱ ደህና እየመሰለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ7ኛው ወር በኋላ፣ ጽንሱን ያስጥላታል። የግድ ሰሞኑን ከውጭ የመጣ ላይሆን ይችላል፤ ከዓመታት በፊት ገብቶ በሰውነቷ የተደበቀው ቫይረስ ረጅም ጉዞ ወይም ሌላ ጫና ሲገጥማት ይቀሰቀሳል። የወደቀው ጽንስና የእንግዴ ልጁ ቫይረስ የሞላባቸው ስለሆኑ ለውሻ እንዳይጥሏቸው አደራ። በጓንት ሰብስበው ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ፤ ምክንያቱ የሚታወቀው ከእነርሱ በሚወሰድ ናሙና ነው። ባዝራዋንም ከሌሎች እርጉዞች ይለዩ። ክትባቱ በተለመደው አሠራር በ5ኛ፣ በ7ኛና በ9ኛ ወር ይሰጣል፤ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያስቀርም።

ጥያቄ፦ ጤነኛ የሚመስል ድንጉላ በሽታ ያስተላልፋል?

መልስ፦ እንዴታ! ባዝራ በጨነገፈች ቁጥር ድንጉላውን የሚጠይቅ አለመኖሩ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የደም ሥርን የሚያስቆጣውና ባዝራን የሚያስጨነግፈው የፈረስ አርተራይተስ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ተለይቶ ታወቀ፤ በ1984 ደግሞ የኬንታኪን የእሽቅድምድም ፈረስ አርቢዎች አስደንግጧል። ከሕመሙ ካገገሙ ድንጉላዎች አንዳንዶቹ ፀጉራቸው እያብረቀረቀ ቫይረሱን በዘር ፈሳሻቸው ለዓመታት ይረጫሉ። ቫይረሱ እዚያ የሚቆየው በወንዴው ሆርሞን ተደግፎ ነው፤ ድንጉላው ሲኮላሽ ይጠፋል፤ ባዝራም እንዲህ ያለ ዘላቂ ተሸካሚ አትሆንም። በቅዝቃዜ የተቀመጠ የዘር ፈሳሽም ያስተላልፋል። ስለዚህ ከማዳቀል በፊት የድንጉላው ደም ይመርመር፤ ደሙ ካጠራጠረ የዘር ፈሳሹም ይታይ።

ጥያቄ፦ አሳማዬ ከወለደቻቸው ግልገሎች አራቱ ጠቁረውና ደርቀው ወጡ፤ መጠናቸውም ይለያያል።

መልስ፦ የአሳማ ፓርቮ ቫይረስ ይመስላል። በማህፀን ውስጥ ከአንዱ ጽንስ ወደ ሌላው እየተሻገረ በተለያየ ዕድሜ ስለሚገድላቸው መጠናቸው ይለያያል። አሳማ 114 ቀን ገደማ ታረግዛለች፤ 70ኛውን ቀን ያለፈ ጽንስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ይከላከላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያረግዙት ከመጠቃታቸው በፊት፣ ማለትም ከወንዱ ጋር ከመገናኘታቸው አስቀድሞ፣ ይከተቡ።

ጥያቄ፦ «ሰማያዊ ጆሮ» የሚባለውስ?

መልስ፦ ያ ሌላ የአሳማ ቫይረስ በሽታ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲታይ ምንነቱ አልታወቀም ነበር፤ ቫይረሱን በ1991 የለዩት በኔዘርላንድስ ሌሊስታድ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው። ከላይ ያነሳሁት የፈረስ አርተራይተስ ቫይረስ ዘመድ ነው። እናቲቱ ምግብ ትተዋለች፣ በእርግዝናዋ መጨረሻ ትጨነግፋለች፤ በሕይወት የሚወለዱትም ደካሞች ናቸው።

ጥያቄ፦ ወደ ሰው ይተላለፋሉ?

መልስ፦ እነዚህ አራቱ አይተላለፉም። ነገር ግን ማስጨንገፍ የሚችሉ እንደ ብሩሴላ ያሉ ባክቴሪያዎች ሰውንም ይይዛሉ። ምርመራው እስኪታወቅ ነፍሰ ጡር ሴት የወደቀውን ጽንስ አትንካ።