ከተኩሱ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት

የአዳኞች ጥያቄና መልስ

መጸው ገብቶ የአደን ወቅት ሲከፈት ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ስለ ጠመንጃና ስለ ጥይት ነው። በዚህ ዙር ግን ቃታው ከተሳበ በኋላ ስለሚሆነው የጠየቃችሁ በርከት ብላችኋል፤ ለዚያም ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተናል። አጋዘን የምንለው እዚህ ላይ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ የሚያበቅለውን ነው። ቀንዱ ተጠማዝዞ ዕድሜ ልኩን አብሮት የሚኖረው፣ በአማርኛችን በዚያው ስም የሚጠራው እንስሳ ዘሩ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ አመሻሽ ላይ 80 ሜትር ርቀት የቆመ ወንድ አጋዘን ተኮስኩ። ጀርባውን አጎበጠና ቀስ ብሎ ጥሻ ውስጥ ገባ። ወዲያው ተከተልኩት፤ ጥቂት ጠቆር ያለ ደም አየሁ። 150 ሜትር ያህል እንደሄድኩ ከተኛበት ተነስቶ ሲሮጥ ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ አንዲት ጠብታ ደም እንኳ አላገኘሁም። የት ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ወዲያው በመከተልዎ። የት እንደተመታ እንስሳው ራሱ ነግሮዎት ነበር። ጀርባውን አጉብጦ፣ እየተጎተተ የሚሄድ አጋዘን አብዛኛውን ጊዜ ጨጓራው ወይም አንጀቱ የተመታ ነው። ልቡ የተመታ እንደ በቅሎ በኋላ እግሮቹ ይራገጥና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ባለ በሌለ ኃይሉ ይፈተለካል፤ ብዙም ሳይርቅ ይወድቃል። ባለበት ዱብ ያለውን ደግሞ አይመኑት። ጥይቱ የአከርካሪውን ጫፍ ብቻ ነክቶት ከሆነ ለጥቂት ጊዜ ደንዝዞ ይተኛና ተነስቶ ይሮጣል። ስለዚህ ሌላ ጥይት አጉርሰው፣ ማነጣጠሪያው ከእንስሳው ላይ ሳይነሳ ይቆዩ።

ከተኮሱበት ቦታ ከመነሳትዎ በፊት ሁለት ነገር በዓይንዎ ይያዙ፦ እንስሳው ቆሞበት የነበረውን ነጥብና ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ዛፍ ወይም ድንጋይ። ከማማ ላይ ከሆኑ ከወረዱ በኋላ መልክዓ ምድሩ ሌላ ስለሚመስል፣ አቅጣጫውን በስልክዎ ፎቶ ማንሳት ብዙ ያግዛል። ከዚያ ሰዓትዎን አይተው ይቀመጡ።

ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ድምፅ ሳያሰሙ ወደቆመበት ነጥብ ይሂዱ፤ መሬቱን ያንብቡ። ፈካ ያለ፣ ትናንሽ አረፋ የቋጠረ ደም የሳምባ ነው። ጠቆር ያለና አረፋ የሌለው የጉበት ሊሆን ይችላል፤ የጡንቻ ደምም አንዳንዴ ይመስለዋል። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ፈሳሽ የተቀላቀለበት፣ የታኘከ ቅጠል ቅንጣት ያለበት ከሆነ ሆድ ዕቃው ተበስቷል። ከተጠራጠሩ በቅጠል አንስተው ያሽትቱት፤ የጨጓራ ሽታ አይደበቅም። ፀጉሩም ይናገራል፤ ነጣ ያለ ሻካራ ፀጉር ብቻ ከተገኘ ጥይቱ በሆዱ ሥር አልፏል።

ሳምባ ወይም ልብ ከሆነ 30 ደቂቃው በቂ ነው፤ ዱካውን ይያዙ። ጉበት ከሆነ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ጨጓራና አንጀት ከሆነ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይጠብቁ። እርስዎ በመሸ ስለተኮሱ መመለስ የነበረብዎት ሲነጋ ነው። ሆዱ የተመታ አጋዘን ካላባረሩት ብዙ ሳይርቅ ተኝቶ እዚያው ይሞታል። ካስነሱት ግን በፍርሃት ኃይል ብዙ ይጓዛል፤ የቁስሉን ቀዳዳ ሞራና አንጀት ስለሚደፍነውም ደሙ መንጠባጠቡን ያቆማል። እርስዎ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሌሊቱ ሞቃት ከሆነ ሥጋው የመበላሸት አደጋ አለው፤ ቢሆንም በውድቅት አስነስቶ ፈጽሞ ከማጣት ያንን አደጋ መቀበል ይሻላል ባይ ነን። ዝናብ እየመጣ ከሆነስ? ሳምባ የተመታውን ፈጥነው ይከተሉ፤ ሆዱ የተመታውን አሁንም ይተውት።

ሲከተሉ ደሙን ረግጠው ሳይሆን በጎኑ ይሂዱ፤ ዱካው ሲጠፋ ተመልሰው የሚጀምሩት ከመጨረሻው ጠብታ ነውና። በየጠብታው አንድ ቁራጭ የሽንት ቤት ወረቀት ያስቀምጡ፤ ዞር ብለው ሲያዩት የወረቀቱ መስመር አቅጣጫውን ያሳያል። ደም ይሁን ቀይ ቅጠል ካልለየልዎ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቢረጩበት ደም አረፋ ይደፍቃል። ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ የሠለጠነ የዱካ ውሻ ከአሥር ሰው ዓይን ይበልጣል። ወድቆ ሲያገኙት ከጀርባው በኩል ቀርበው የዓይኑን ብሌን በረጅም እንጨት ይንኩ። ዓይኑ ተከድኖ ከሆነ ገና አልሞተም።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንዲህ ያለ ምት እንዳይደርስ የት ላነጣጥር?

መልስ፦ እንስሳው በጎኑ ሲቆም የፊት እግሩን የኋላ ጠርዝ ይዘው ወደ ላይ ይውጡ፤ ከደረቱ ሥር ጀምሮ ሲሶው ላይ ሲደርሱ ያቁሙ። ልብና ሳምባ እዚያ ናቸው። ፊቱን ከእርስዎ ወዲያ ትንሽ አዙሮ ከቆመ መግቢያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ጥይቱ በማዶኛው ወርች እንዲወጣ ያስቡ። ፊት ለፊት ወይም ከኋላ ከሆነ ይተውት። የብዙ ጀማሪ ስህተት እንስሳውን በሙሉ ማየት ነው፤ አንዲት የፀጉር ጉብታ መርጦ እሷን ብቻ ማየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሥጋው ሁልጊዜ የአውሬ ጠረን አለው። ባለፈው ደግሞ ውጪው ደህና መስሎ ታፋው አጥንቱ ዙሪያ ሸተተ። አጋዘን ተፈጥሮው ነው ወይስ አያያዜ?

መልስ፦ በአብዛኛው አያያዝ ነው። የአጥንቱ ዙሪያ ሽታ ምክንያቱ የታመቀ ሙቀት ነው። ታፋ ከእንስሳው ሁሉ ወፍራሙ ሥጋ ስለሆነ መጨረሻ የሚቀዘቅዘው መሃሉ ነው፤ ቆዳው ሳይገፈፍ ያደረ ከሆነ ደግሞ ብርድ ልብስ ለብሶ እንዳደረ ይቁጠሩት። ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ባክቴሪያ ይራባል፤ የአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ካለፈ ቆዳውን ያኔውኑ መግፈፍ፣ ደረቱና ሆዱ ውስጥ በፌስታል የታሰረ በረዶ መክተት ያስፈልጋል።

ሆድ ዕቃውን እዚያው በወደቀበት ያውጡ። በጀርባው አጋድመው መጀመሪያ የፊንጢጣውን ዙሪያ በጠባብ ቢላ ይፍቱና በገመድ ጥብቅ አድርገው ይሰሩት፤ ይህችን የሚዘል ሰው በኋላ ታፋው ላይ ኩበት ያገኛል። ከዚያ የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት አንስተው ትንሽ ይቅደዱ። ሁለቱን ጣቶች ወደ ውስጥ ከተው እንደ ሹካ ይክፈቷቸውና የቢላውን ስለት ወደ ሰማይ አዙረው በመሃላቸው እስከ ፍሪምባው ይሂዱ። ጣቶቹ ጨጓራውን ወደ ታች ስለሚጫኑት ስለቱ አያገኘውም። ደረትና ሆድን የሚለየውን ስስ ሥጋ ከጎድኑ ጋር ከተያያዘበት ዙሪያውን ይፍቱ፣ እጅዎን እስከ አንገቱ ሰደው ጉሮሮውን ይቁረጡና ሁሉንም አንድ ላይ ወደ ኋላ ይሳቡት። የሽንት ፊኛው ከሞላ አፉን በጣት ቆንጥጠው ይያዙ። እንስሳውን በጎኑ አዙረው ደሙን ያፍስሱ፣ ጎድኑን በእንጨት ከፍተው አየር ያስገቡ። ጨጓራ ከፈሰሰበት በንጹሕ ውሃ ወዲያው አጥበው በጨርቅ ያድርቁ፤ የነካውን ሥጋም ቀርፈው ይጣሉ። የወንዝ ውሃ አይጠቀሙ።

ጠረኑን በተመለከተ ሁለት ተጠያቂዎች አሉ። አንደኛው በኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ውስጠኛ ጎን ያለው፣ ፀጉሩ የጠቆረ ዕጢ ነው። ቆርጠው ማውጣት የለብዎትም፤ እንዲያውም ባይነኩት ይመረጣል፤ ከነኩት ግን በዚያው እጅና ቢላ ሥጋ አይንኩ። ሁለተኛው ሞራው ነው። የአጋዘን ሞራ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ወዲያው ይረጋል፣ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥም ቶሎ ይበላሻል። ሲበልቱት ሞራውንና ነጩን ሽፋን ሙልጭ አድርገው ያንሱ። ሥጋውን ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ባለበት ከ3 እስከ 7 ቀን ቢያቆዩት ይለሰልሳል። እርግጠኛ የሆነ ማቀዝቀዣ ከሌለዎት ግን ማቆየቱ ይቅርብዎ።

ጥያቄ፦ ነፋሱን አረጋግጬ እቀመጣለሁ፤ ግን ፀሐይ ወጣ ካለች በኋላ አጋዘኖቹ ከላዬ ካለው ሸንተረር ላይ ሆነው በአፍንጫቸው እፍ ብለው ይሮጣሉ።

መልስ፦ ነፋሱ ልክ ነበር፤ አየሩ ግን ተነሳ። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ አመሻሽ ላይ ሲቀዘቅዝ እንደ ውሃ ወደ ሸለቆው ይፈሳል። ነፋሱ ቀላል በሆነበት ቀን ከነፋሱ ይልቅ ይህ ያሸንፋል። ጠዋት ከዱካው በላይ፣ ማታ ከዱካው በታች ይቀመጡ። በትንሽ ጠርሙስ ጥሩ ዱቄት ይዘው በየግማሽ ሰዓቱ እፍ ይበሉት፤ ከፊትዎ ጥሩ የሄደው ዱቄት 20 ሜትር ላይ ሲታጠፍ ያዩታል። ጠረን አጥፊ የሚባሉት ፈሳሾች ይህን አይተኩም።

ጥያቄ፦ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ አያየኝም?

መልስ፦ አጋዘን ቀይና ብርቱካናማን አጥርቶ አይለይም፤ ለእሱ ከደበዘዘ ቡናማ ወይም ግራጫ ጋር ይቀላቀላል። ሰማያዊን ግን ከእኛ በተሻለ ያያል። ችግሩ የልብስ ሳሙናው ነው፦ ነጭና ደማቅ የሚያደርጉ ማንጸባረቂያ ያለባቸው ሳሙናዎች ልብሱን ለአጋዘን ዓይን ያበሩታል። ማንጸባረቂያ በሌለው ሳሙና ይጠቡት። ሰደርያውን ለሌላው አዳኝ ዓይን ሲባል አያውልቁ። ከቀለሙ ይልቅ የሚያጋልጥዎ እጅዎን ማንቀሳቀስዎ ነው።

ጥያቄ፦ ጠመንጃዬን ባለፈው ዓመት አስተካክዬ ነበር፤ ዘንድሮ ግራ ይመታል።

መልስ፦ መጀመሪያ መነጽሩን የያዙትን ብሎኖች ይፈትሹ፤ አብዛኛው ጥፋት እዚያ ነው። ከላሉ በአምራቹ በተጻፈው ልክ አጥብቀው እንደገና ይጀምሩ። አፈሙዙን በጠንካራ ነገር ላይ አያስደግፉ፤ የጠመንጃውን እንጨት የፊት ክፍል በአሸዋ ከረጢት ላይ ያሳርፉ። ሦስት ጥይት ተኩሰው የሦስቱን መሃል ይውሰዱ፤ በአንዷ ጥይት ተመርተው መነጽር ማዞር ጥይት ማባከን ነው። የመነጽሩ ማስተካከያ ሲዞር የሚሰማው አንድ ቃጭ፣ ሩብ ደቂቃ በሚባለው ዓይነት (ደቂቃ እዚህ የማዕዘን መለኪያ ነው) 100 ሜትር ላይ ምቱን 7 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በሌላው ዓይነት 1 ሴንቲ ሜትር ያንቀሳቅሳል። የተለመዱ የአጋዘን ጥይቶችን 100 ሜትር ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ቢያስተካክሉ ወደ 170 ሜትር አካባቢ መሃሉን ይመታሉ። በመጨረሻ ጠመንጃው ቀዝቅዞ ሲያድር አንድ ብቻ ይተኩሱ፤ ጫካ ውስጥ የሚተኩሱት ያቺን ነው።

ጥያቄ፦ ስሪያቸው መቼ ነው? በየዓመቱ ከብርዱ ጋር ይቀያየራል ይባላል።

መልስ፦ የሚወስነው የቀኑ ማጠር ነው፤ በአንድ አካባቢ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለዋወጥም። ብርዱ የሚቀይረው በቀን ብርሃን ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱ ነው። ባለ ነጭ ጭራው አጋዘን በሰሜን አካባቢ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ይጦፋል፤ ቀዩ አጋዘን ከመስከረም እስከ ጥቅምት ያገሳል። ትንሿ የአውሮፓ አጋዘን ግን በሐምሌ ስለምትጠቃ በመጸው እሷን በጥሪ መሞከር ትርፉ ጉሮሮ ማድረቅ ነው።

ጥያቄ፦ ማማ ላይ ቀበቶ የምታስሩት ከተቀመጣችሁ በኋላ ነው?

መልስ፦ እግር ከመሬት ሲነሳ ጀምሮ። ብዙው መውደቅ የሚደርሰው ሲወጡና ሲወርዱ፣ ከመሰላል ወደ ማማው ሲሻገሩ ነው። ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ የደህንነት ገመድ ይጠቀሙ፤ ሙሉ አካል የሚይዝ ቀበቶ ይሁን እንጂ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው አይሁን። ተንጠልጥሎ መቅረትም ደም ወደ እግር አውርዶ ይገድላል፤ እግር የሚያሳርፉበት ማዞሪያ ማሰሪያ ኪስዎ ውስጥ ይኑር። ጠመንጃው ባዶ ሆኖ፣ አፈሙዙ ወደ ታች ዞሮ በገመድ ይሳባል።

ጥያቄ፦ ስለ አጋዘን መንምኖ መሞት በሽታ ሰማሁ። ሥጋውን በደንብ ብቀቅለውስ?

መልስ፦ መቀቀል አያጠፋውም። በሽታውን የሚያመጣው ቅርፁ የተበላሸ ፕሮቲን ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኮሎራዶ ውስጥ ነበር። እስካሁን ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም የጤና ተቋማት በሽታው ያለበትን ሥጋ አትብሉ ይላሉ። የታየበት አካባቢ ከሆነ የአንገቱን ዕጢ አስመርምረው ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ለብቻው ምልክት አድርገው ያስቀምጡ። አንጎልን፣ አከርካሪን፣ ዓይንንና ጣፊያን አይንኩ፤ አጥንቱን በመጋዝ ከመቁረጥ ሥጋውን ከአጥንቱ መለየት ይሻላል። ጭንቅላትና አከርካሪውን ወደ ሌላ አካባቢ ይዞ መሄድ በብዙ ቦታ የተከለከለ ስለሆነ፣ የሚጣለው ሁሉ እዚያው ሕጉ ባዘዘው መንገድ ይወገዳል።