መልስ፦ ውፍረት አስቸግሯቸው ጤና ጣቢያ ልውሰዳቸው ወይ ላልሽው
እህቴ፣ እናቴ 84 ኪሎ ቁመቷ 1 ሜትር ከ58፣ ጤና ጣቢያ ብወስዳት መዝነው ከመመለስ ውጪ ምን ያደርጉላታል ነው ያልሽው አይደል? ኧረ ብዙ ነገር አለ። ክብደቱ ከቁመት ጋር ሲሰላ (BMI የሚሉት፣ ኪሎውን ለቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው) የሳቸው ወደ 33.6 ይመጣል፣ ከ30 ካለፈ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው። ወገባቸውንም በሜትር ይለኩላቸው፣ ሴት ከ88 ሴንቲ ካለፈች ቦርጩ ብቻውን ለስኳርና ለልብ ያሰጋል። ደም ግፊትና ስኳር ሳታስለኪያቸው ደግሞ እንዳትመለሺ፣ ሁለቱም ምንም ሳያሳዩ ስንት ዓመት ይከርማሉ።

እኔ የራሴን እናት መጀመሪያ አንድ የግል ክሊኒክ ወስጃት "ክብደት ቀንሺ" ብለው ሸኟት፣ በቃ። ጤና ጣቢያ ያገኘናት ነርስ ግን ቁጭ አድርጋ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላሽ አለቻት፣ ለካ ጾም ላይ ነኝ እያለች ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ሻዩ ላይ ሶስት ማንኪያ ስኳር፣ ምሳ ፓስታ፣ ማታ ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ (ጾም ያከሳል ያለው ማነው 😄)። ዘይቱን ከጀሪካን ማንቆርቆር ትተሽ በሾርባ ማንኪያ ለኪው፣ ቤተክርስቲያን በታክሲ ሳይሆን በእግርሽ ሂጂ፣ በየወሩ እየመጣሽ ተመዘኚ አለቻት። የሰራው ይሄ በየወሩ መመዘኑ ነው፣ ነርሷን ታፍራታለቻ።

60 ኪሎ እስክትደርሺ ቀንሺ ምናምን አትበያቸው፣ 4 5 ኪሎ ቢቀንሱ እንኳን ግፊቱም ስኳሩም ላይ ለውጥ አለው። ቲክቶክ ላይ የሚሸጠውን የማቅጠኛ ሻይ እንዳትሞክሪው፣ በተለይ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ።