ፊልሜ ስላልተወደደ ሙያውን ልተወው?

እህቴ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ፣ ከአክስትሽ ተበድረሽ፣ ሚስት ባሏን የምትጠረጥርበት ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሠራሽ። የጻፍሽው፣ ዳይሬክት ያደረግሽው፣ ኤዲት ያደረግሽውም አንቺው ነሽ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ሲታይ ግን መጨረሻው ላይ ሰው ሳቀ። አሁን አባትሽ «አሰደብሽን፣ ይልቅ ባንክ ግቢ» ይሉሻል። አንቺም «ተሰጥኦ የለኝም ማለት ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

የላክሽልኝን ስክሪፕት 2 ጊዜ አነበብኩት። ሚስትየው የባሏን ድብቅ ስልክ ካገኘች በኋላ እኔም አብሬያት ፈራሁ። ሊያጎርሳት እጁን ሲዘረጋ አፏን ሳትከፍት ጣቶቹን የምታይበት ቦታ በጣም ድንቅ ነው። ጉርሻ ያስፈራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ በመጨረሻዎቹ 5 ገጾች ባልየው ለካ የኮንዶሚኒየም ቁልፍ በስጦታ ሊሰጣት ኖሯል! ተመልካቹ ያን ሁሉ ሰዓት የፈራው በከንቱ ሆነ። ሰው የሳቀው ለዚህ ነው።

ታዋቂው የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክም እዚሁ ላይ ተቸግሯል። እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው «ሰስፒሽን» ሚስት ባሏ ሊገድላት እንደሆነ ትሰጋለች። መነሻ በሆነው ልብ ወለድ ባልየው ገዳይ ነው፤ ፊልሙ ግን ንጹሕ አደረገውና መጨረሻው እስከ ዛሬ ይተቻል። ሆኖም ባልየው ወተት ይዞ ደረጃ ሲወጣ ብርጭቆው ደምቆ እንዲታይ ውስጡ አምፖል ተከቶ ነበር። ያቺን ብርጭቆ ያየ አይረሳትም። ያንቺም ጉርሻ እንደዚያ ነው። ተሰጥኦ አለሽ። ጊዜ ግን አልነበረሽም፤ የካሜራ ኪራይ እየቆጠረብሽ ስክሪፕቱን በ3 ሳምንት ጨረስሽው።

ስለዚህ ባንክ ግቢ። ስለ ዕዳው አባትሽ እውነት አላቸው፤ አክስትሽም የሚያሳድጓቸው ልጆች አሏቸው። «አሰደብሽን» ማለታቸው ግን ስህተት ነው፣ በአክብሮት ንገሪያቸው። ሠርቶ ማሳየት ነውር ሆኖ አያውቅም። እኔ 9 ዓመት ቀን ሂሳብ ክፍል እየዋልኩ ማታ የሬዲዮ ድራማ ጽፌያለሁ። ደመወዝ ስለሚገባልኝ ማንም አላስቸኮለኝም፤ አንዱን ክፍል 6 ጊዜ የቀየርኩበት ወር ነበር።

ልማር ያልሽው ማስተርስ ይቆይ። ዩቲዩብ ላይ የሚጻፍብሽንም አታንብቢ።

የሚቀጥለውን ፊልም ኤዲቲንግ ለሌላ ሰው ስጪ። እነዚያን 5 ገጾች ግን አሁኑኑ እንደገና ጻፊ። ባልየው መጠርጠሩን ያወቀው መቼ ነው? መጀመሪያ እሱን ወስኚ። ባንኩ መሀል ከተማ ከመደበሽ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቅርብሽ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ሲያልቅ ላኪልኝ።