ለአዳማ ልጆች፦ መርከበኛ እንግዳ ሲመጣ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ ሻይ ስንጠጣ ከመካከላችሁ አንዷ ያነሳችው ጥያቄ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ለትምህርት ወደ ጀርመኗ የወደብ ከተማ ወደ ሃምቡርግ ልትሄድ ነው። እዚያ በትርፍ ሰዓቷ መርከበኞችን በሚቀበል ክርስቲያናዊ ማዕከል በነጻ ማገልገል አስባለች። "ጋሼ፣ እኔ ባሕር እንኳ አይቼ አላውቅም፤ ምን እጠቅማቸዋለሁ?" አለችኝ። ሰው በዝቶ ስለነበር በቅጡ አልመለስኩላትም። አሁን ልመልስላት፤ ሌሎቻችሁም አብራችሁ ስሙ።

እንደምታውቁት እኔ 24 ዓመት በመርከብ ሞተር ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ። ጥር 1980 ዓ.ም. ሃምቡርግ ስንገባ ወጣት ነበርኩ፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አንድ ሚኒባስ መጥቶ ከመርከባችን ሥር ቆመ። ሹፌሩ ሽማግሌ ጀርመናዊ ነው፤ በእጁ ምልክት ሰጥቶን ገባን። የወሰደን ዱክዳልበን ወደሚባለው የመርከበኞች ማዕከል ነበር። የጀርመን የመርከበኞች ሚሲዮን የከፈተው ነው፤ ያኔ ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ዘመኑ የደርግ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቤት መሆኑን ስሰማ "ማን ያየኝ ይሆን?" ብዬ ፈራሁ። ግን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ትኩስ ቡና ሰጡኝ፤ ተቀመጥኩ፤ ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቴምብር አልነበረኝም። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሴትዮ ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው አድራሻውን ቀስ ብለው አነበቡ። "ናዝሬት" የሚለውን ሲያዩ ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ፤ ያኔ ከተማችንን ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ከዚያ ቴምብሩን በምላሳቸው አርጥበው ለጠፉበት፤ በአውራ ጣታቸውም ጫን ጫን አደረጉት። ደብዳቤው ደርሶ እናቴ እስክትሞት ድረስ ሣጥኗ ውስጥ ነበር። የሴትዮዋን ስም ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልጄ፣ ሥራው ይኸው ነው። ባሕር ማወቅ አይጠይቅም።

የዚህ አገልግሎት አንዱ ጅማሬም የልጅ ጥያቄ ነው ይባላል። በ1835 እ.ኤ.አ. ጆን አሽሊ የሚባል የእንግሊዝ ቄስ ከልጁ ጋር በባሕር ዳርቻ ሲሄድ ልጁ "እዚያ ደሴት ላይ ያሉት ሰዎች ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይሄዳሉ?" አለው። ቄሱ መልስ አጣ። ወደ ደሴቶቹ ተሻገረ፤ ቀጥሎ ነፋስ እየጠበቁ የቆሙትን መርከቦች አየና ወደ እነሱም መሄድ ጀመረ። ከዚያ ሥራ ተነስቶ በ1856 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የመርከበኞች ሚሲዮን ዛሬም በብዙ አገር ወደቦች አለ። ካቶሊኮችም ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሳቸው አላቸው፤ ስቴላ ማሪስ ይባላል።

በእኔ ጊዜ መርከብ ወደብ ላይ ሳምንት ይቆም ነበር፤ ከተማ እንዞር ነበር። ዛሬ የኮንቴይነር መርከብ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ሳይሞላው ይወጣል። ወደቡ ከከተማ ርቋል፤ በኮንቴይነሮቹ መሃል በእግር መሄድም ክልክል ነው። መርከበኛው ዘጠኝ ወር ኮንትራት ፈርሞ የወጣ ነው። ዓለም አቀፉ የመርከበኞች ሕግ በአንድ ጊዜ መርከብ ላይ የሚቆዩት ከ12 ወር በታች እንዲሆን ቢያዝም፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ጊዜ ወደ 400,000 የሚጠጉ መርከበኞች ኮንትራታቸው አልቆ መርከብ ላይ ቀርተው ነበር። ታዲያ ከፈረቃው ተርፎ ሁለት ሰዓት ቢያገኝ ምን ይፈልጋል መሰላችሁ? ኢንተርኔት፣ ሲም ካርድ፣ ሻምፖ፣ ቸኮሌት። ከዚያ ደግሞ አለቃውም የሥራ ባልደረባውም ያልሆነ ሰው ፊት ማየት።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሃምቡርግ ያለችው ልጄ ዘንድ አንድ ብርዳማ ወቅት ከርሜ ነበር፤ ያኔ በተራዬ እንግዳ ተቀባይ ሆንኩ። አንድ የፊሊፒንስ ልጅ፣ እንደኔ የሞተር ክፍል ሰው፣ ፈረቃ ላይ ስለነበር መውረድ አልቻለም። ሚስቱ የመውለጃዋ ቀን ደርሷል። ሲም ካርድ እንዳመጣለት ገንዘቡን በእጄ አስያዘኝ። "አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ" አልኩት። ማዕከሉ ስመለስ የድሮ የባሕር ሰው አገኘሁና ወሬ ያዝን፤ አንድ ሰዓት አለፈ። ስደርስ ጋንግዌዩ (የመርከቡ መወጣጫ ደረጃ) ተነስቷል፤ ገመዱ ተፈትቷል፤ መርከቡ ከወደቡ ጠርዝ እየራቀ ነው። ልጁን ዴክ (የመርከቡ የላይኛው ወለል) ላይ ፈለግኩት፤ አላየሁትም። ሲም ካርዱ ኪሴ ውስጥ ቀረ። ገንዘቡን የመርከቡ ወኪል በሚቀጥለው ወደብ እንዲያደርስለት ሰጠሁ። የእኔን መዘግየት ግን በምን እመልሰው? በሚስቱ ምጥ ሰዓት ልጁን ያለ ስልክ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ቃል ከመግባታችሁ በፊት መርከቡ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠይቁ። ካልቻላችሁ "አልችልም" በሉ፤ አይከፋውም። ከቻላችሁ ግን በሰዓቱ ተገኙ። ማዕከሎቹ ተናጋሪ ሳይሆን ዛሬም የሚመጣ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞም የሚመጣ ሰው ነው የሚቸግራቸው። ሁለት ወር በጋለ ስሜት አገልግሎ ከሚጠፋ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት ሳይቀር የሚመጣ ይበልጥባቸዋል።

መርከብ ላይ ስትወጡ ደግሞ የሰው ቤት እንደገባችሁ ቁጠሩት። የራስ ቁር፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ፣ ጠንካራ ጫማ ግዴታ ነው። ጋንግዌዩ ላይ ያለው ጠባቂ መታወቂያችሁን አይቶ ይመዘግባችኋል፤ አትቸኩሉበት። ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። የሌሊት ፈረቃ የሠራው እንቅልፍ ላይ ስለሆነ ድምፃችሁን ቀንሱ። "ደመወዝህ ስንት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። እሱ ራሱ "ሦስት ወር አልተከፈለኝም" ካለ ግን በጥሞና ስሙት፤ ለካፒቴኑ ሄዳችሁ እንዳትናገሩ፤ ልጁን ታስጠቁታላችሁ። ፈቃዱን ጠይቃችሁ ለማዕከሉ ቄስ ንገሩ። ቄሱ አይቲኤፍ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ተቆጣጣሪ ያውቀዋል።

አንድ የሚከብዳችሁ ነገር ይኖራል፤ ለእኔም ከብዶኝ ነበር። ዱክዳልበን ውስጥ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል አለ፤ ለክርስቲያኑ፣ ለሙስሊሙ፣ ለሂንዱው፣ ለቡድሂስቱ የየራሱ ማዕዘን ተዘጋጅቶለታል። "የክርስቲያን ቤት አይደለም እንዴ?" ብዬ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ለሦስቱ እንግዶች መጀመሪያ ያቀረበው የእግር ውሃ ነው፤ ሃይማኖታቸውን አልጠየቀም። ጸልይልኝ ያላችሁ ካለ አብራችሁት ጸልዩ። ያላላችሁን ደግሞ ሻይ ስጡት። ደክሞት የገባን ሰው፣ መሄጃ የለውም ብሎ መስበክ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደግሞስ የአዳማ ልጅ መንገደኛ አያውቅም ያለው ማን ነው? የአገራችን የገቢና ወጪ ጭነት ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው፤ መንገዱም በደጃችን ያልፋል። የጅቡቲ መኪና ሹፌር በጀሪካን ውሃ ፊቱን ሲታጠብ፣ ተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ ሲተኛ እያያችሁ ነው ያደጋችሁት። ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚያደርሰውን ኮንቴይነር ባሕር ያሻገረው ያ መርከበኛ ነው። እዚሁ የምትቀሩት ከእነዚህ ሹፌሮች ጀምሩ። አንድ ፔርሙዝ ሻይ፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉበት ሶኬት፣ አረፍ የሚሉበት ወንበር ይበቃል። የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ በር ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ ሽማግሌዎቹን እኔ አነጋግራለሁ።

ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ የባሕር ሥልጠና ላይ ያላችሁት ሁለታችሁ ደግሞ እናንተ እንግዶቹ ናችሁ። ሚኒባሱ ሲመጣ "ደክሞኛል" ብላችሁ ካቢን ውስጥ አትተኙ። ውረዱ። ሰው እንዲያያችሁ ፍቀዱ።

የሃምቡርግዋ ልጄ፣ እዚያ ለመርከበኞች የሱፍ ኮፍያ ያድላሉ፤ ብርዱ ለሞቃት አገር ልጅ አይቻልም። ባለቤቴ ስድስት ሠርታ ጨርሳለች፤ ሰባተኛው እጇ ላይ ነው። ሳትሄጂ ቤት ብቅ ብለሽ ውሰጂ።